የምስጋናና የጥቆማ ቃል ለአንድ የአዳማ የቶርኖ ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የፊዚክስ መመረቂያ ጥናቴን ሊበላሽ ከደረሰበት ላዳኑልኝ፣ አዳማ ውስጥ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ በኩል በአንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ለሚሠሩ የቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና፣ የመሞከሪያ መሣሪያ ማሠራት ለሚፈልጉ ተማሪዎች እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ አጥብቀው ስለጠየቁኝ ቃላቸውን አክብሬ፣ ወርክሾፑ ውስጥ እንደምጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጥናቴ የፉኮ ፔንዱለምን፣ ማለትም በረጅም ሽቦ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደትን የሚመለከት ነበር። ፈረንሳዊው ሌዎን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ በሚገኘው ፓንቴዎን ውስጥ 67 ሜትር በሚረዝም ሽቦ ላይ 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሉል ሰቅሎ፣ ውዝዋዜው የሚሄድበት መስመር ቀስ በቀስ ሲዞር ለሕዝብ አሳየ፤ በዚህም ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ መሽከርከሯን ሰማይን ሳያዩ፣ ጣሪያ ሥር ቆመው መመልከት ተቻለ። የመዞሩ ፍጥነት ግን በኬክሮስ፣ ማለትም ቦታው ከምድር ወገብ ባለው ርቀት ይወሰናል። በዋልታ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ፣ በፓሪስ ከ11 ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ፣ በምድር ወገብ ላይ ደግሞ ዜሮ ነው። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ በምትገኘው አዳማ በሰዓት 2.2 ዲግሪ ብቻ ስለሚሆን፣ ፓሪስ ላይ 32 ሰዓት የማይሞላው ሙሉ ዙር እኛ ዘንድ ወደ ሰባት ቀን ይጠጋል። ክላሲካል ሜካኒክስ በተማርንበት ሴሚስተር ይህንን ስሌት በደብተሬ ላይ በአንድ ገጽ ተኩል ጨርሼው ስለነበር፣ የቀረኝ ሥራ ሽቦ መስቀል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለሙከራው ከአንድ ሕንፃ ደረጃ አናት ላይ 9 ሜትር ወርዶ የሚንጠለጠል ቦታ ተፈቀደልኝ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት የሞተር ሳይክል ካቦ ነበር፤ ካቦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ በመሆኑ ክብደቱ ሲንጠለጠልበት እየተፈታ ፔንዱለሙን እንደ እንዝርት አሾረው። ከዚያ ወደ ነጠላ የብረት ሽቦ ተሻገርኩና፣ ሽቦውን ከላይ የሚይዘውን ላሜራ በአንድ ወርክሾፕ አስበሳሁ። የዚያን ወርክሾፕ ስም አላነሳም። «ምን ችግር አለው፣ ይይዛል» ብለው ገንዘባቸውን ተቀበሉ፤ በእርግጥም ይዟል። ነገር ግን በሰሜኑ የምድር ክፍል የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ መዞር የነበረበት መስመር በአንድ ሰዓት ውስጥ 4 ዲግሪ ወደ ተቃራኒው ዞረ። አማካሪዬ ውጤቱን አይተው «ምድርን በግልባጭ አሽከርክረሻታል፤ ከቻልሽ ነገ መልሻት» ከማለት በስተቀር አልተቆጡኝም።

የችግሩን ምንጭ በወረቀት ላይ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሽቦው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልተያዘ ውዝዋዜው ቀጥታ መስመር መሆኑ ይቀርና ጠባብ እንቁላል መሳይ ቅርጽ ይሠራል፤ ይህ ቅርጽ ደግሞ ከምድር መዞር ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ምክንያት በራሱ ይዞራል። በእኔ 9 ሜትር ሽቦ ላይ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ውዝዋዜ ወደ ጎን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያፈነግጥ በሰዓት 2 ዲግሪ የሚሆን የሐሰት መዞር ይፈጥራል። ለፓሪስ ይህ ስሕተት እንደ ነገሩ ሊታለፍ ይችላል፤ አዳማ ላይ ግን ስሕተቱ የምንፈልገውን መልስ ራሱን ያህላል። ስለዚህ ለምድር ወገብ በቀረብን መጠን የሙከራው ዕጣ በአንድ ቀዳዳ ጥራት ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ከጋሼ ጋር የተገናኘሁት በሌላ ጉዳይ ነው። ከትምህርቴ ውጭ ደስ የሚለኝ ነገር አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ፈትቶ መግጠም ሲሆን፣ አንድ የተሰበረ የሰዓት ዘንግ የሚያስተካክልልኝ ሳጣ፣ ደንበኛ የሆንኩላቸው ሰዓት ሠሪ ወደ እሳቸው ላኩኝ። ዘንጉን ከሰጠኋቸው በኋላ እግረ መንገዴን ያንን ላሜራ ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት «ለምንድን ነው የምትፈልጊው?» ብለው ጠየቁኝ። አጠገባቸው በነበረው ብርቱካን ላይ ክብሪት ሰክቼ የኬክሮስን ነገር ሳስረዳቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝና፣ ላሜራውን በቶርኖው ላይ አሥረው፣ መርፌው የሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጥር መለኪያ አስጠግተው በእጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት። መርፌው እየሄደ ይመለሳል። «ልጄ፣ ቀዳዳሽ ከማእከሉ ሦስት አሥረኛ ሚሊ ስቷል፤ ከንፈሩም በአንድ በኩል ተበልቷል። ሽቦሽ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የሚታጠፍበት ቦታና ወደ ሰሜን ሲሄድ የሚታጠፍበት ቦታ አንድ አይደለም» አሉኝ። እኔ በሁለት ሳምንት የደረስኩበትን እሳቸው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ደረሱበት።

ምክንያቱንም ነገሩኝ። ቀዳዳው የተበሳው በትራፓኖ ነው፤ በትራፓኖ ብረቱ ቆሞ መብሻው ስለሚዞር ጫፉ ገና ሲነካ ወደ ጎን ይንሸራተታል። በቶርኖ ግን የሚዞረው ብረቱ ራሱ፣ የሚቆመው መብሻው ስለሆነ ቀዳዳው ማእከሉን ይዞ ይገባል። ይህን ሙያ የቀሰሙት በ1954 እ.ኤ.አ. ስኳር ማምረት በጀመረው የወንጂ ፋብሪካ ወርክሾፕ ውስጥ በወጣትነታቸው የሸንኮራ መጭመቂያ ዘንጎች ሲጠግኑ ነው።

ሦስት ነገሮች ሠሩልኝ። የመጀመሪያው ሽቦውን ዙሪያውን እኩል የሚነክስ፣ ውስጡ እንደ ቀንድ የሚጠብብ የናስ መያዣ ነው። ሁለተኛው ከአሮጌ የጭነት መኪና ዘንግ ቆርጠው የቀረጹት 13 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሲሊንደር ነው። ሦስተኛው ሻሮን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀው ቀለበት ሲሆን፣ ከመያዣው 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሽቦውን ዙሪያውን ይከበዋል፤ ሽቦው በእያንዳንዱ ውዝዋዜ ጫፍ ላይ ቀለበቱን ስለሚነካ፣ ፍትጊያው ወደ ጎን ያፈነገጠውን እንቅስቃሴ ይበላዋል። የቀለበቱን ውስጥ 26 ሚሊ ሜትር አድርገው ሲያወጡት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ናስ በደረቁ ስለሚቆረጥ ቢጫ ፍንጣቂው እስከ ሸሚዛቸው ክንድ ይረጫል። ጠርዙን በመሣሪያ የጨረሱት ቢሆንም አላመኑትም፤ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ዙሪያውን አስኪደው፣ ጥፍራቸው የያዘበትን አንድ ቦታ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያሹ አራት ጊዜ ደጋገሙት። እኔ በዓይኔ ምንም አልታየኝም ነበር።

ሙከራውን ያደረግሁት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ምክንያቱም የአዳማ ነፋስ ቀን ላይ በር አያዘጋም። ከከተማዋ ዳር ለቆሙት፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ በሁለት ምዕራፍ ለተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ሲሳይ የሆነው ነፋስ ለእኔ ጠላት ስለነበር፣ የደረጃውን ሥር በሸራ ጋርደን ጋሼ ከረዳታቸው ጋር እንግዳ ሆነው መጡ። ፔንዱለሙ በእጅ ቢለቀቅ ወደ ጎን ስለሚገፋ፣ ፉኮም እንዳደረገው በጥጥ ክር ወደ ኋላ ስበን አሠርነውና ክሩን በሻማ አቃጠልነው። ክሩ ሲበጠስ ድምፁ እንኳ እስኪሰማ ድረስ ጸጥ ብለን ነበር። ወለሉ ላይ በጭቃ የተከልናቸው የክብሪት እንጨቶች ፔንዱለሙ እየነካቸው በሰዓቱ ውስጥ አንድ በአንድ ወደቁ፤ የወደቁትም በትክክለኛው አቅጣጫ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ መስመሩ ጫፉ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሄደ። ውዝዋዜው ሲደክም ሽቦው ቀለበቱን መንካት ስለሚያቆም እያንዳንዱን ልኬት በአንድ ሰዓት ወስኜ አምስት ጊዜ ደገምኩት፤ ውጤቶቹ ከ2.1 እስከ 2.4 ዲግሪ ባለው ውስጥ አረፉ። ጋሼ የመጨረሻው ክብሪት እስኪወድቅ አልተቀመጡም።

የፉኮን ፔንዱለም የሠራው ጉስታቭ ፍሮማን የተባለ የመሣሪያ ባለሙያ መሆኑን ያወቅሁት የጥናቱን ታሪካዊ ክፍል ስጽፍ ነው። በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ስሙ አላጋጠመኝም። በዚህ ምክንያት የጋሼን ሥራ በጥናቴ ምስጋና ገጽ በአንድ መስመር ማለፍ ስላልበቃኝ ነው ይህን የጻፍኩት።

ለሚሄዱ ሁሉ ጥቂት ነገር ልጠቁም። ጋሼ ያለ ንድፍ ሥራ አይቀበሉም፤ ንድፉ በእጅ የተሣለ ቢሆን ግድ የላቸውም፣ ልኬቱ ግን በሚሊ ሜትር መጻፍና የትኛው ልኬት ፈጽሞ ሊዛነፍ እንደማይገባ መለየት አለበት። ቀጠሮ ላይ ፍጹም አይደሉም፤ የእኔ ሥራ መብራት እየጠፋ በአራት ቀን ዘግይቷል፤ ስለዚህ የማስረከቢያ ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው የሚሄድ ሰው ቢያዝን በራሱ ይዘን። ለሦስቱም ሥራ 3,500 ብር ከፍያለሁ፤ ለሲሊንደሩ ብረት ሒሳብ አልያዙብኝም፤ ልጨምርላቸው ስሞክርም «የሰዓትሽን ዘንግ ገና አላስረከብኩሽም» ብለው መለሱኝ። ብየዳና የጋራዥ ሥራ አይሠሩም። አድራሻቸውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልካለሁ። ነጠላ የብረት ሽቦ የሚያስፈልገው ግን አስቀድሞ ፈልጎ ይዞ ይሂድ፤ እሳቸው ዘንድ የለም።