በመሀል ማንም ሳይኖር፦ ከጓደኛዬ ጋር ሲንክቲንግን ለወራት ስንጠቀም ያየሁት

እኔና ጓደኛዬ የድምፅ ቅጂ እናዘጋጃለን። እሱ ይቀዳል፣ እኔ አርማለሁ፣ እሱ መልሶ ያዳምጣል። ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው። ከትልቅነታቸው በላይ ደግሞ ሰዎች አምነውን የነገሩን ቃል ስለሆነ፣ ማን እንደሚያስተዳድረው በማናውቀው ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ አልፈለግንም። የሁለት ኮምፒውተሮችን ፋይሎች የሚያመሳስለውን ሲንክቲንግ (Syncthing) የተባለ ፕሮግራም የመረጥነው ለዚህ ነው። ዛሬም በየዕለቱ እንሠራበታለን፤ ወደ ሌላ የመዛወር ሐሳብ የለኝም።

ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ፣ በነጻ የሚገኝና የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ሥራው አንድ ነው፦ እኔ ጋ ያለው አቃፊ (ፎልደር) እና ጓደኛዬ ጋ ያለው አቃፊ ምንጊዜም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ማድረግ። ምዝገባ የለም፣ ወርኃዊ ክፍያ የለም፤ የቦታው ገደብም የራሳችን ዲስክ ነው።

ሁለት መሣሪያዎች የሚተዋወቁት በመለያ ነው። መለያው ሰባት ሰባት ሆነው በስምንት የተከፈሉ 56 ፊደላትና ቁጥሮች ሲሆን፣ የሚመነጨው መሣሪያው ራሱ ከሚያዘጋጀው ሰርተፊኬት፣ ማለትም ማንነቱን ከሚያረጋግጥበት ዲጂታል ማስረጃ ነው። እኔ የእሱን፣ እሱም የእኔን ካላስገባን ምንም አይተላለፍም። መለያው ምስጢር ስላልሆነ በጽሑፍ መልእክት ቢላክ ጉዳት የለውም። ነገር ግን መልእክቱን መንገድ ላይ የለወጠ ሰው ካለ፣ የእሱን ኮምፒውተር ጓደኛዬ ነው ብዬ እቀበላለሁ። ስለዚህ ስልክ ደወልኩለት፤ እሱ ፊደል በፊደል ሲያነብ እኔ ስክሪኑ ላይ በጣቴ ተከተልኩ። አሰልቺ ነው፤ ግን ደኅንነቱ በሙሉ የቆመው እዚህች ላይ ስለሆነ ማንም እንዳይዘለው አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሌላ ሰው እንዳያነበው ተመስጥሮ ነው የሚጓዘው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በቀጥታ መገናኘት ካልቻሉ ፕሮግራሙ በጎ ፈቃደኞች በሚያስተዳድሯቸው አስተላላፊ ሰርቨሮች በኩል ያልፋል። አስተላላፊው የፋይሉን ይዘት ማንበብ አይችልም፤ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ግን በኢንተርኔት አድራሻቸው ያያል። በዚህ መንገድ ሲሄድ ዝግ ይላል። እኛ ራውተሩ (ቤቱን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ ፕሮግራሙ የሚገባበትን በር፣ 22000 ቁጥር ፖርትን፣ ከከፈትን ወዲህ ግንኙነቱ ቀጥታ ሆኗል፤ ልዩነቱም የትየለሌ ነው። አንድ ቤት ስንሆን ደግሞ ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ሳይወጣ በውስጥ መስመር ብቻ ያልፋል። ምስጠራው የሚጠብቀው መንገዱን እንጂ ዲስኩን አለመሆኑ ግን መታወቅ አለበት። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፋይሎቹ እንዳሉ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ሁለታችንም ዲስካችንን ለብቻው መስጥረናል።

በጣም የወደድኩት ፋይሎችን በቁራጭ የሚያይ መሆኑን ነው። የአንድ ሰፊ አቃፊ ስም ስለውጥ ጓደኛዬ ጋ እንደ አዲስ አይላክም፤ ቁራጮቹ እዚያው እንዳሉ አይቶ በቦታው ያስተካክላል። ግንኙነት ሲቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሲንክቲንግ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ጓደኛዬ አንድ ፋይል ቢሰርዝ እኔም ጋ ይሰረዛል፤ የታዘዘው አንድ እንዲያደርጋቸው ነውና። ለዚህ መፍትሔው የቀድሞ ቅጂዎችን የማስቀመጥ አማራጩን ማብራት ነው። እኛ የምንጠቀምበት ዓይነት ለመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ፣ እስከ 30 ቀን በየቀኑ፣ ከዚያም በየሳምንቱ አንድ ቅጂ እያስቀረ ይሄዳል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህ ነው፦ የእኔ ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ከጓደኛዬ የመጣውን ለውጥ ብቻ ነው። እኔ ራሴ የሰረዝኩትን የሚያተርፍልኝ የእሱ ኮምፒውተር ነው። አማራጩ በሁለቱም በኩል ካልበራ ጥበቃው ጎዶሎ ነው። እኛ በዚህ ላይ ከፕሮግራሙ ጋር የማይገናኝ ውጫዊ ዲስክ ጨምረናል።

ሁለታችን በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል ብንነካ ደግሞ ፕሮግራሙ ቀደም ብሎ የተለወጠውን ቀንና ሰዓት በስሙ ላይ ጽፎ ጎን ያስቀምጠዋል። ምንም አይጠፋም፤ የቱ ይሻላል የሚለው ግን የእኛ ፈንታ ነው። ሥራ ከመጀመራችን በፊት በምንሠራበት የድምፅ ቅጂ ስም የተሰየመ ባዶ የጽሑፍ ፋይል አቃፊው ውስጥ እንፈጥራለን፤ ወዲያው ሌላው ጋ ይታያል፣ ሌላውም እጁን ይሰበስባል። ከማንኛውም ማስተካከያ ይልቅ የረዳን ይህ ስምምነት ነው።

ትልቁ ችግር ሁለቱም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ በርተው መገኘት ያለባቸው መሆኑ ነው። እሱ ሌሊት ይሠራል፣ እኔ በማለዳ። አንድ ወዳጃችን ሁልጊዜ የሚበራ ኮምፒውተር ስላለው አቃፊውን በይለፍ ቃል መስጥረን እሱ ጋ እንዲያርፍ አደረግን። ወዳጃችን የፋይሎቹን መጠንና የተለወጡበትን ጊዜ ከማየት በቀር ስማቸውንም ይዘታቸውንም ማንበብ አይችልም። የሌሊቱ ሥራ አሁን ማለዳ ላይ ይጠብቀኛል።

በስልክ በኩል ነገሩ ደከም ያለ ነው። የፕሮጀክቱ የራሱ የአንድሮይድ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ተቋርጧል፤ ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ከዚያው ኮድ የተሠራውን ቅርንጫፍ መተግበሪያ ይዘው ቀጥለዋል። ለአይፎን የፕሮጀክቱ የራሱ መተግበሪያ የለም። ጓደኛዬ በስልኩ የሚቀዳውን አቃፊ መላክ ብቻ እንዲችል አድርጎ አስተካክሎታል፤ እኔ በኮምፒውተሬ የምቆርጠውና የምጥለው የስልኩን ዋና ቅጂ አይነካበትም። ስልክ ብቻ ላላቸው ሁለት ሰዎች ግን ይህን ፕሮግራም አልመክርም።