«ተሞክሯል፣ ይሠራል» የተባለ ሚዲየም ፎርማት ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገለ ሚዲየም ፎርማት ካሜራ (ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፊልም የሚጠቀም ካሜራ) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ የገዛሁት ካሜራ ማስታወቂያው ላይ «ተሞክሯል፣ ይሠራል» ይላል። ሌንሱ ንጹሕ ነው። ሻተሩም ሲጫኑት ደስ የሚል ድምፅ ያወጣል። የመጀመሪያውን ፊልም አሳጥቤ ብርሃን ላይ ስዘረጋው ግን፣ ከአራተኛው ፎቶ ጀምሮ የአንዱ ጠርዝ በሚቀጥለው ላይ ተደርቧል። እነዚያን ፎቶዎች መልሶ ማንሳት አይቻልም፤ የሚያናድደው እሱ ነው።

ሻጩን ስጠይቀው «ፊልሙን ስታስገባ አላልተኸው ነው» አለኝ። ብዙ ገዢ ይህን መልስ ሰምቶ ዝም ይላል። አንዳንዴ እውነት ስለሆነ ነው የሚያደናግረው። ስለዚህ የአጫጫን ችግርን ከካሜራ ብልሽት መለየት መቻል አለባችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ዳር ዳሩን ቀዳዳ ስላለው፣ ካሜራው ቀዳዳዎቹን በጥርስ ይዞ እኩል እኩል ይጎትታል። ሚዲየም ፎርማት ካሜራዎች የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣው 120 የሚባለው ፊልም ግን ቀዳዳ የለውም። ከጀርባው ወረቀት ብቻ ነው ያለው። ቀይ መስኮት ያላቸው የድሮ ካሜራዎች ወረቀቱ ላይ የታተመውን ቁጥር በዓይን ያሳያሉ፤ እነሱ ላይ ይህ ችግር ብዙም አይታይም። ቆጣሪ ያላቸው ካሜራዎች ግን ርዝመቱን ራሳቸው መለካት አለባቸው። አንዳንዶቹ ፊልሙ ሲያልፍ በሚሽከረከር ሮለር ይለካሉ። ሌሎቹ የሚቀበለው ዘንግ ምን ያህል እንደዞረ በማርሽ ይቆጥራሉ።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ በተጠመጠመ ቁጥር ጥቅሉ ይወፍራል። ጥቅሉ ሲወፍር አንድ ዙር የሚጎትተው ፊልም ይረዝማል። ስለዚህ በማርሽ የሚቆጥር ካሜራ በእያንዳንዱ ፎቶ ዙሩን በጥቂቱ እየቀነሰ መሄድ አለበት። 6 በ6 (ሴንቲ ሜትር) የምንለው ፎቶ በትክክል ሲለካ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 12ቱ ብቻቸውን 672 ሚሊ ሜትር ይወስዳሉ። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ያረጀ ማርሽ ወይም የደረቀ ግሪስ ያቺን ክፍተት ለመብላት ብዙ አይፈጅበትም።

ስለዚህ ፊልሙን ሳትቆርጡ ዘርግታችሁ ክፍተቶቹን ለኩ። የመጀመሪያው ፎቶ ብቻ ተቆርጦ ሌላው እኩል ከሆነ፣ ምናልባት የወረቀቱ ቀስት ከካሜራው ምልክት ጋር አልገጠመም። ይህ የአጫጫን ጉዳይ ነው። ላልቶ የተጀመረ ፊልምም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አካባቢ ነው የሚያበላሸው። ክፍተቱ እየጠበበ ወይም እየሰፋ በሥርዓት የሚሄድ ከሆነ ግን የመለኪያውን ክፍል ጠርጥሩ። አንዴ ሰፊ፣ አንዴ ጠባብ፣ አንዴ ድርብ ከሆነ ደግሞ የሚንሸራተት ሮለር ወይም የተበላ ጥርስ ሊሆን ይችላል። አጥብቃችሁ ጭናችሁ በሌላ ፊልም ደግማችሁ ስትሞክሩ ያው ነገር ያው ቦታ ላይ ከመጣ፣ «አላልተኸው ነው» የሚለው መልስ አይሠራም።

በዚህ ጉዳይ ስማቸው በተደጋጋሚ የሚነሳ ካሜራዎች አሉ። ፔንታኮን ሲክስ እና ኪየቭ 60 ዋናዎቹ ናቸው። ፔንታኮን ሲክስ ላይ የመጠምጠሚያውን እጀታ እስከ መጨረሻው መሳብ፣ ሲመለስም በጣት ይዞ መመለስ ያስፈልጋል፤ ተስፈንጥሮ እንዲመለስ መልቀቅ አይገባም። የሃሰልብላድ ካሜራ ኤ12 የሚባለው ተነቃይ የፊልም መያዣ ከሆነ፣ የውስጠኛው ክፍል ቁጥር ከውጨኛው መለያ ቁጥር የመጨረሻ 3 አሃዞች ጋር መግጠሙን እዩ። ካልገጠመ ከሁለት መያዣ የተገጣጠመ ነው ማለት ነው። ሊሠራ ይችላል፤ ግን ፊልም ሳታዩ አትመኑት። እንደ ያሺካ ማት 124ጂ ያሉት ደግሞ የ120 እና የ220 መቀየሪያ አላቸው። 220 ፊልም ከምስሉ ጀርባ ወረቀት ስለሌለው ይሳሳል፣ ርዝመቱም እጥፍ ነው። መቀየሪያው በተሳሳተ ቦታ ላይ ሆኖ ካሜራውን «ተበላሽቷል» እንዳትሉ መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ።

ካሜራውን በአካል የምታዩት ከሆነ ጊዜው ያለፈበት ፊልም ይዛችሁ ሂዱ። ፔንታኮን ሲክስን የመሰለ ካሜራ ከሆነ ሌንሱን ፍቱ፣ ሻተሩን ክፍት በሚይዘው «ቢ» ላይ አድርጉ፣ ከዚያ የሻተሩን መጋረጃ ሳትነኩ ፊልሙ ላይ የፍሬሙን ሁለት ጠርዝ በቀጭን እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። እየጠመጠማችሁ እስከ መጨረሻው ድገሙት። ፊልሙን አውጥታችሁ ስትዘረጉት ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። የፊልም መያዣው የሚነቀል ከሆነ ምልክቱን ከየፎቶው በኋላ መያዣውን ነቅላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ እኔ ብሆን አልገዛም። ባዶውን እየጠመጠሙ ሻተር መጫን የፊልም ሙከራ አይደለም።

ከሩቅ የምትገዙ ከሆነ፣ ያልተቆረጠ የአንድ ሙሉ ፊልም ኔጌቲቭ (የታጠበው ፊልም) ከማስመሪያ ጋር ተነስቶ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። አንድ የሚያምር ፎቶ ቢልኩላችሁ አትቀበሉ፤ አንድ ፎቶ ስለ ክፍተቱ ምንም አይናገርም። «እንዳለ ይሸጣል» የሚል ቃል ካለም ዋጋውን የጥገናውን ወጪ ጨምራችሁ አስቡት። ግሪሱ ደርቆ ከሆነ ጽዳትና ቅባት ሊያስተካክለው ይችላል። ጥርሱ የተበላ ማርሽ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የብዙዎቹ ምርት ስለቆመ፣ መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላ የሞተ ካሜራ ተነቅሎ ነው።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ኔጌቲቩን አትቁረጡ፤ ላቦራቶሪውም እንዳይቆርጠው አስቀድማችሁ ንገሩት። ክፍተቶቹን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሡ። የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ለሻጩ በጽሑፍ ላኩለት። ወደ ጥገና ስትሄዱም ያንኑ ፊልም ይዛችሁ ሂዱ። ካሜራውን ብቻ ከሰጣችሁት ጠጋኙም ሻተሩን ተጭኖ «ይሠራል» ሊላችሁ ይችላል።