ለስኪል ላብ ምን ይገዛ? ጌም፣ አፕ ወይስ አሻንጉሊት

ሕፃኑ ተወልዷል፣ አያለቅስም። በደንብ ደርቆ፣ ጀርባው ታሽቶም ዝም ካለ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ በፊት ላይ በሚደረግ ማስክ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ትንፋሽ ሊሰጠው ይገባል። የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቻችሁን በስኪል ላብ፣ ማለትም በክህሎት መለማመጃ ክፍል፣ ለዚህች ደቂቃ ለማዘጋጀት ምን ትመርጣላችሁ?

ላይፍ የተባለው ጌም የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና የኬንያው ኬምሪ ዌልካም ትረስት ሥራ ነው። በነፃ ይወርዳል። ስልኩ ላይ የሆስፒታል ክፍል ይከፈታል። ተማሪው ዕቃ ይመርጣል፣ «ቀጥሎስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቅደም ተከተል ለማስያዝ በጣም ጥሩ ነው።

ሴፍ ዴሊቨሪ የዴንማርኩ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን አፕ ነው። ይሄም ነፃ ነው። አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ለሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ትልቅ ነገር ነው። አጫጭር አኒሜሽንና ደረጃ እያሳለፈ የሚሄድ ጥያቄ አለው። ምዕራብ ወለጋ ውስጥ በ73 የጤና ተቋማት ተፈትኗል። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ አፑን ያገኙት ባለሙያዎች ከ12 ወር በኋላም በክህሎት በልጠው ታይተዋል። በሕፃናት ሞት ላይ ግን አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ገዢ ይህንንም ማወቅ አለበት።

ቪሲም የተባለው የኮምፒውተር ላይ የነርሲንግ መለማመጃ በክፍያ ነው፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ይፈልጋል። የተሠራው ለአሜሪካ ነርሲንግ ትምህርት ነው። ለኛ ኮሌጆች አልመክረውም።

አሁን ወደ አሻንጉሊቷ እንምጣ። ኒዮናታሊ የኖርዌዩ ሌርዳል ሥራ ናት። ውሃ ሲሞላባት ክብደቷ እንደ ጨቅላ ይሆናል፤ አንገቷ ልፍስፍስ ይላል። ጭንቅላቷ ትንሽ ከተጣመመ ወይም ማስኩ በጉንጯ በኩል አየር ካስወጣ ደረቷ አይነሳም። ተማሪው ባጉን ደጋግሞ ይጨምቃል፣ ምንም የለም። አገጯን ቀና ያደርጋል፣ ማስኩን በሁለት ጣት ያጠብቃል፣ ያኔ ደረቷ ከፍ ይላል። ይህንን ስልክ አያስተምርም። ጣት ስክሪን በመንካት ማስክ መያዝ አይለምድም።

ስለዚህ ባጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ብሩን አሻንጉሊቷ ላይ አውሉት፤ ሁለቱን ነፃዎች ስልክ ላይ ጫኑ። ተማሪው ማታ በስልኩ ቅደም ተከተሉን ይያዝ፣ ጠዋት በእጁ ይሥራ። ብቻ አደራ፣ ገዝታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፉባት። ማዋለጃ ክፍል አጠገብ ትቀመጥ፤ ተረኛዋ ነርስ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ለሦስት ደቂቃ ታንሳት።