ለመርከብ ሽርሽር የገዛነው የጉዞ መድን፦ ለአረጋውያን ወላጆች ምን ያህል ይበቃል?

ከወላጆቼ ጋር ለያዝነው የመርከብ ሽርሽር፣ የመርከብ ድርጅቱ የሕክምናንና የድንገተኛ ማጓጓዣን ወጪ የሚሸፍን የጉዞ መድን በቅድሚያ እንድናቀርብ ስለጠየቀን፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ፖሊሲ (የመድን ውል) ገዛን። ግዢው ፈጣን ነው፤ የምስክር ወረቀቱም የእያንዳንዳችንን ስም፣ የሽፋኑን ጣሪያና የአደጋ ጊዜ ስልኩን ለይቶ ስለሚያሳይ ድርጅቱ ያለ ጥያቄ ተቀብሎታል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን ቀድሞ ስለነበረ ሕመም በሚናገረው አንቀጽ ላይ ነው። አባቴ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ በመሆናቸው፣ መጠይቁ ሕመሙ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በቅርብ ወራት የመድኃኒቱ መጠን ተቀይሮ እንደሆነም ጠየቀን። ሐኪም ክኒኑን ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ማድረጉ ብቻውን በብዙ ፖሊሲዎች ዘንድ ሕመሙን «ያልተረጋጋ» ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ይህን ሳይገልጹ መፈረም ኋላ የካሳ ጥያቄን ውድቅ ሊያስደርግ ይችላል። ሌሎች መድን ሰጪዎች በደቃቅ ጽሑፍ የሚደብቁትን ይህን ነጥብ የኛዎቹ ፊት ለፊት መጠየቃቸው ያስመሰግናቸዋል።

በመርከብ ላይ ያለ ክሊኒክ እንደ ግል ሐኪም ቤት የሚያስከፍል ሲሆን፣ በሽተኛን ከባሕር መሐል በሄሊኮፕተር ማንሳት ደግሞ ከጉዞው ዋጋ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ፖሊሲው ሁለቱንም ይሸፍናል። ቅር ያሰኘኝ፣ እናቴ በአንድ ወደብ ሆስፒታል ቢተኙ አብሯቸው ለሚቀር ቤተሰብ የማረፊያ ወጪ አለመክፈሉ ነው፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የሚንረው ዓረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብም (የሚጠበቅ ቢሆንም) ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ በሕክምና ሽፋኑ በኩል ለወላጆቼ ደግሜ እገዛዋለሁ።