1911 ሽጉጥ፦ ተኩሱ አንጀት ያርሳል፣ መግጠሙ ግን ፈተና ነው

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ይህን ሽጉጥ ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሞላኝ። እዚህ ሁሉም «ናይንቲን ኢለቨን» ይለዋል። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀብሎ እስከ 1985 ድረስ መደበኛ ሽጉጡ ያደረገው ነው። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት የእኔን ማን እንደሠራው አልጠቅስም፤ የማወራው ችግር ከንድፉ የመጣ እንጂ የአንድ ፋብሪካ ጥፋት አይደለም።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ምላጩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ንጹሕ ነው። ሽጉጡ ሙሉ ብረት ስለሆነ ይከብዳል፣ ክብደቱ ደግሞ ያንን ወፍራም ጥይት ሲተኩስ ብዙ እንዳይራገጥ ይረዳዋል። ኢላማ ሜዳ ስሄድ ከእጄ ማስቀመጥ አልወድም።

መከራው የሚጀምረው ቤት ስገባ ነው። መፍታቱ ቀላል ነው። ተወልውሎ፣ ዘይት ተቀብቶ ልግጠመው ስትሉ ነው የሚያስቸግረው።

ከአፈሙዙ ስር የሞላውን ጫፍ የምትይዝ፣ ቆብ የመሰለች ትንሽ ብረት አለች። እሷን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ተጭናችሁ፣ በሌላው እጅ የአፈሙዙን ቀለበት አዙራችሁ ነው የምትቆልፏት። ሞላው ታፍኖ ሲቀመጥ ብርቱ ጉልበት አለው። እኔ መጀመሪያ ቀን ጣቴ ዘይት ነክቶት ነበር። ቀለበቱ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ጣቴ ተንሸራተተ፣ ብረቷ ጣሪያውን መትታ ጠፋች። ከባለቤቴ ጋር ፍሪጁን ጎትተን፣ በስልክ መብራት ወለሉን አስሰን፣ በመጨረሻ ከምድጃው ጀርባ አገኘናት። ፊቴን ወደ አፈሙዙ አስጠግቼ ነበር እኮ የምሠራው። ዓይኔን ብታገኘኝ ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጽር ሳላደርግ፣ ልጆቹንም ከክፍሉ ሳላስወጣ አልነካውም።

ሁለተኛው ጣጣ ይብሳል። አፈሙዙ ከስሩ የምትወዛወዝ፣ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ማያያዣ አለችው። ስላይዱን፣ ማለትም ከላይ የሚንሸራተተውን የሽጉጡን ክፍል፣ ወደ ቦታው ስትመልሱ የእሷ ቀዳዳ ከታችኛው አካል ቀዳዳ ጋር ልክ መግጠም አለበት፣ ከዚያ የስላይድ ማቆሚያው ዘንግ በሁለቱም ውስጥ ያልፋል። ማያያዣዋ ግን አትቆምም፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ትላለች። በመስኮት ብርሃን እያየሁ፣ ሽጉጡን በትንሹ እያዘነበልኩ ነው የማስተካክላት። ተሳክቶ ዘንጉ ቢገባ እንኳ ገና አላለቀም። ማቆሚያው ሙሉ በሙሉ እንዲገባ ከጎኑ ያለችውን፣ ከኋላዋ ሞላ ያላትን ሚጢጢ ፒን ገፍቶ ማለፍ አለበት። እዚህ ላይ በጉልበት ከሄዳችሁ የማቆሚያው ጫፍ የሽጉጡን ጎን ይፋቃል። ግማሽ ክብ የሆነች ጭረት ትቀራለች። ይሄ ጭረት እዚህ አገር በጣም የታወቀ ስለሆነ የራሱ ስም አለው፤ «የጅል ጭረት» እንደማለት ነው። ስሙን አልወደውም። ያንን ብረት መጀመሪያ ጊዜ የሚገጥም ሰው ጅል አይደለም፣ ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ድሮ አገር ቤት ወታደር ነበሩ። ስታገል አይተው «ማካሮቭ እኮ እንዲህ አያደርግም ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማካሮቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሞላውም አፈሙዙ ላይ ይጠለቃል። የምላጩን ከለላ ወደ ታች ስባችሁ ስላይዱን ወደ ኋላ ጎትታችሁ ታነሱታላችሁ፣ በቃ። ስትገጥሙም ያው ነው። ግሎክ የሚባለው ሽጉጥማ ጭራሽ ስላይዱን ከፊት አስገብቶ ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ነው።

እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ካዝናው ወጥቶ፣ የጥይቱ ማደሪያ በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ጥይት ያለበት ክፍል ውስጥ አትሥሩ። የሽጉጡን ጎን የቀለም ቀቢዎች ወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት፣ ማቆሚያው ቢፋቅ ፕላስተሩን ነው የሚፍቀው። ያቺን ቆብ የመሰለች ብረት በባዶ ጣት ሳይሆን በጨርቅ ያዟት፣ አፈሙዙም ወደ ማንም አይዙር። ማቆሚያው ሊገባ ሲል ደግሞ ሚጢጢዋን ፒን በቀጭን ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉላት፣ ያኔ ቀጭ ብሎ ይገባል። ያቺ ድምፅ እንዴት ደስ እንደምትል!

የሸጠልኝ ሱቅ ይህን ሁሉ አልነገረኝም። «ቀላል ነው፣ መመሪያው ውስጥ አለ» ብሎ ካርቶኑን ሰጠኝ። መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል ማያያዣዋ ስትወዛወዝ አያሳይም። ይሄ አሁንም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሽጉጥ በስሕተት ተገጥሞ የሚተኮስ ዕቃ አይደለም። አሥር ደቂቃ ወስዶ ቢያሳየኝ ምን ነበረበት?

ለተኩሱ ከ5 ኮከብ 5 እሰጠዋለሁ፣ ለመግጠሙ 2። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ ፈትቶ ይግጠመው፣ ከዚያ እናንተም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ሞክሩት። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀብኝን አሁን በአሥር ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። ጎኑ ላይ ያለችው ጭረት ግን አልጠፋችም።