ለሦስት ምሽት ድራም ፍለጋ

ዘንድሮ ከአሜሪካ የመጣሁት ለእረፍት ነበር። በሁለተኛው ቀን የድሮ የባንድ ጓደኛዬ ደወለ። «ስታዲየም አካባቢ ትንሽ ቤት ውስጥ ሦስት ምሽት እንጫወታለን፤ ድራመራችን ክፍለ ሀገር ሄዶብናል» አለኝ። እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ። ቤቷ ሠላሳ ሰው ከያዘች ሞላች ናት። ባለቤቷ ደግሞ «የሚያደነቁር ነገር እንዳታመጡብኝ፣ ሰው የሚመጣው እያወራ ሊጠጣ ነው» ብላለች። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ድራም መከራየት ግድ ሆነ።

መጀመሪያ ፒያሳ ሄድኩ። ልጅ ሆኜ መስታወቷ ላይ ተለጥፌ ጊታር የማይባት ሱቅ የለችም። ሕንፃውም የለም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የት እንደቆምኩ ለአፍታ ጠፋኝ። ራይድ ጠርቼ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረድኩ።

የመጀመሪያው አከራይ በመያዣ ፓስፖርቴን ጠየቀኝ። የአክስቴ ልጅ «በኔ መታወቂያ ይሁን» ብትለውም አሻፈረኝ አለ። ድራሙ ደግሞ ፓዱ (በዱላ የሚመታው ገበታ) ሁሉ ላስቲክ ነው። «ወንድሜ፣ ስንት መቶ ድምፅ አለው መሰለህ!» ይለኛል። እኔ የምፈልገው ሁለቱን ነው። ሃይ-ሃቱን፣ ማለት በእግር የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ጥንድ ሳህን፣ ሞከርኩት፤ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ፣ መሃል የለውም። ችክችካ ለሚመታ ሰው ይሄ አይሆንም። የዚያ ስድስት ስምንተኛ ምት ጣዕሙ ሃይ-ሃቱ ገርበብ ሲል የምትወጣው «ጭሽ» ላይ ነው። እሷ ከሌለች ምቱ የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል። ትቼው ወጣሁ።

ሁለተኛው ቤት ሮላንድ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ቲዲ-17 የኤሌክትሪክ ድራም ነበረው። ሃይ-ሃቱ እውነተኛ ማቆሚያ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ነው፤ እግሬን ባላላሁ ቁጥር ድምፁም አብሮ ይላላል። ስኔሩ (ከፊት ያለው ዋናው ከበሮ) ላስቲክ ሳይሆን መረብ ነው፣ ዱላውን መልሶ ያነጥራል። ሮላንድ ይህን መረብ በ1997 እንደ ፈረንጆቹ ይዞ ሲመጣ ብዙ ድራመር ስቆ ነበር፤ እኔም አንዱ ነኝ። አከራዩ ልጅ ቀብድ ተቀበለኝ፣ ፓስፖርት አላለም። ከኬብሎቹ አንዱ ይንጫጫ ነበር። ስነግረው ይቅርታ ጠይቆ ወዲያው ቀየረልኝ።

ማታ ሌላ ጣጣ መጣ። የሞጁሉ (የድራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሣጥን) መውጫ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ሳውንድማኑ «ኪኩን ልጨምር ስል ሁሉም አብሮ ይጨምራል፣ ጋሼ» አለኝ። (ጋሼ! እኔ!) ሞጁሉ ላይ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ የቀረውን ሁሉ ወደ ቀኝ ገፋሁት። ሁለቱን ኬብሎች ሚክሰሩ ላይ ለየብቻ ሰካቸው። ስቴሪዮው ቀረ፣ ግን በዚያች ጠባብ ቤት ማን ስቴሪዮ ይሰማል? መድረኩ ባዶ ጣውላ ስለሆነ ኪኩን ስመታ ንዝረቱ ቶሙን (አጠገቡ ያለውን ሌላ ከበሮ) አብሮ ያስጮኸው ነበር። ከስሩ ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍንና ቶሙ ለንዝረት ያለውን ስሜት ከሞጁሉ ቀነስኩ፤ ዝም አለ።

ሁለተኛው ምሽት ላይ፣ ዘፈን መሃል፣ መብራት ሄደ። ሳክስፎኑ ቀጠለ። ዘፋኟም ቀጠለች። እኔ ጨለማ ውስጥ መረብ እየደበደብኩ ነው፤ ጠብ ጠብ ብቻ። ሰው በጭብጨባ ምቱን ያዘልኝ። ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ሞጁሉ ግን እስኪነሳ ጥቂት ሰከንድ ፈጀ፤ ሲነሳም የመረጥኩት ድምፅ ላይ አልነበረም። በማግስቱ የአክስቴ ልጅ የቢሮዋን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) አመጣችልኝ። ከውጭ የራሳችሁን ሞጁል የምታመጡ ደግሞ አዳፕተሩ ላይ ያለችውን ጥቃቅን ጽሑፍ እዩ። 100-240 ቮልት ካለ ሰላም ነው። 120 ብቻ ካለ፣ እዚህ 220 ነውና በጭስ ትሸኙታላችሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ባለ 9 ፓዱን የሮላንድ ኤስፒዲ-ኤስኤክስ፣ ፓዶቹ አንድ ሣጥን ላይ የተደረደሩበትን ትንሽ የኤሌክትሪክ ድራም፣ ይዤ ነው የምመጣው። 2.5 ኪሎ ናት፣ ሻንጣ ውስጥ ትገባለች። የኪክ ፔዳል ብቻ እከራያለሁ፣ ከዚያው ልጅ።

ድራሙን ስመልስ ልጁ አንድ በአንድ ቆጠረ። «አንድ ብሎን ጎድሏል» አለኝ። አፌን ሞልቼ ሁሉም እንዳለ ነው አልኩት። ብሎኗ ኪሴ ውስጥ ነበረች።