የተበላሸ አምፕሊፋየር፦ ይጠገን፣ ይሸጥ ወይስ ይጣል?

«አምፕሊፋየሬ ቀጥ ብሏል። ላሠራው ወይስ ባለበት ልሽጠው?» ይህ ጥያቄ ከወዳጆቼ አፍ አይጠፋም። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ባለ ሁለት ቻናል፣ ሲያነሱት ወገብ የሚፈትን ከባድ አምፕሊፋየር ከሆነ አሠሩት። ብዙ ቻናል ያለው፣ ኤችዲኤምአይ የሚሰካበት የሆም ቲያትር ሪሲቨር ከሆነ ግን ማንም ሳይነካካው ሽጡት። መጣል የመጨረሻው ነው። እሱም ቢሆን እንዳለ አይጣልም።

ከባዱን የምወደው በናፍቆት አይደለም። ክብደቱ የሚመጣው ከትራንስፎርመሩና ሙቀት ከሚያስወጣው አሉሚኒየም ነው። ትራንስፎርመሩ በቀላሉ አይሞትም። የሚሞቱት ድምፁን የሚያጎሉት ትራንዚስተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮችና ስፒከሩን የሚያገናኝና የሚያቋርጠው ሪሌይ ናቸው። እነሱ ደግሞ አንድ በአንድ ተነቅለው ይቀየራሉ። ሪሲቨሩ ጋ ግን ብልሽቱ ዲጂታል ቦርዱ ላይ ከሆነ ባለሙያው የሚፈልገው ቺፕ ለብቻው የማይሸጥ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ቦርድ ይቀየር ሲባል ዋጋው ራሱን ሪሲቨሩን ይስተካከላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው የጥገናውን ዋጋ ድሮ ዕቃውን ከገዛበት ዋጋ ጋር ያወዳድራል። ያ ገንዘብ ሄዷል፣ እርሱት። ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ዋጋ ብቻ ነው። ያው ሞዴል ያገለገለ ሆኖ፣ እየሠራ ዛሬ ስንት ይሸጣል? ተበላሽቶስ ስንት ያወጣል? ሻጭ የጠራውን ሳይሆን ገዢ የከፈለውን ዋጋ ያዙ።

እንበልና የሚሠራው 100፣ የተበላሸው 30 ቢያወጣ ልዩነቱ 70 ነው። ጥገናው የሚወዳደረው ከ70 ጋር ነው፣ ከ100 ጋር አይደለም። ለምን ቢባል፣ ለማስጠገን ስትወስኑ በእጃችሁ ሊገባ የነበረውን 30 ትታችኋል። ባለሙያው 80 ቢላችሁና «ከ100 ያንሳል» ብላችሁ ብትስማሙ 10 ከስራችኋል። የመመርመሪያውንና የማጓጓዣውን ገና አልቆጠርንም። ከባድ ዕቃ መላክ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

እኔ ጠግኖ ለመሸጥ ከሆነ ከልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም ከ35 በላይ አልከፍልም። የተጠገነ ዕቃ ገዢ ሁልጊዜ ዋጋ ይሰብራል። ራሴ የምጠቀምበት ከሆነ ግን እስከ 60 ድረስ ብሄድም አይቆጨኝም። በዚያ ገንዘብ ሌላ ያገለገለ ብገዛ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። የራሴን ግን ምን እንደተቀየረለት አውቃለሁ።

ዕቃውን ባለሙያው ጋ ትታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ባላሠራው የመመርመሪያ እከፍላለሁ? ባሠራው ከሒሳቡ ይቀነሳል? ዋስትናው የእጅ ዋጋን ብቻ ነው ወይስ መለዋወጫውንም ይጨምራል?

ከዚያም በፊት ግን እቤት የሚታይ ነገር አለ። ፕሮቴክሽን ውስጥ ገብቶ (ራሱን ለመከላከል ድምፁን ዘግቶ) አልወጣ ካለ አጥፉት፣ የስፒከር ገመዶቹን በሙሉ ንቀሉና እንደገና አብሩት። ሪሌዩ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ቀጭ» ካለ ችግሩ ገመዱ ወይም ስፒከሩ ጋ ሊሆን ይችላል። እርስ በርሱ የተነካካ አንድ ቀጭን የሽቦ ክር ይበቃል። አንዱ ቻናል በዝቅተኛ ድምፅ ጠፍቶ፣ ቮልዩም ሲጨምሩት ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ የሪሌዩን መገናኛ ጠርጥሩ። ማዞሪያው ሲነካ የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይፈልጋል። እነዚህ የሳንቲም ሥራዎች ናቸው። በእነሱ ምክንያት ደህና አምፕሊፋየር «የሞተ» ተብሎ ሲሸጥ ያናድደኛል። ፊውዝ ከተቃጠለ በተመሳሳይ አምፒር አንዴ ብቻ ቀይሩ። ደግሞ ከተቃጠለ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው። ከፍ ያለ ፊውዝ ወይም ሽቦ አድርጎ ማለፍ ትራንስፎርመሩን ማቃጠል ነው።

ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም በሁለቱም ቻናል «እምምም» የሚል ድምፅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ትላልቆቹ የፓወር ካፓሲተሮች ደርቀዋል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሲቀየሩ 85 ዲግሪ የሚለውን ትታችሁ 105 የሚለውን አስገቡ። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው።

ገንዘብ የሚበላው ግን ፎርጅድ ትራንዚስተር ነው። የአንድ ወዳጄ አምፕሊፋየር የቀኝ ቻናሉ ሾርት አደረገ። ርካሽ ዋጋ ጠሩለት፣ በማግስቱ ሠርቶ ተመለሰ። በዝቅተኛ ድምፅ እንከን አይወጣለትም ነበር። ሰው ሰብስቦ ቮልዩም ከፍ ባደረገበት ምሽት ግን እንደገና ሄደ። በዚህኛው ጊዜ ቀጥተኛ ከረንት ወደ ስፒከሩ ለቆ የዉፈሩን (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩን) ጥቅልል አቃጠለው። የርካሹ ጥገና ዋጋ ላይ የስፒከር ዋጋ ተደመረ።

የተቃጠለውን ትራንዚስተር ጀርባ በፒንሳ ሰብረን አየነው። ላዩ ላይ የቶሺባ 2ኤስሲ5200 ይላል። ይህ ዓይነት ከጥንዱ 2ኤስኤ1943 ጋር 230 ቮልትና 15 አምፒር እንዲችል የተሠራ ነው። ውስጡ የተገኘው ሲሊከን ግን የጤፍ ያህል ነበር። ኦሪጅናሉ ውስጥ ያለው ሰፋ ያለ ስለሆነ ሙቀቱን ያሰራጫል። ትንሹ በቴስተር ሲለካ ደህና ነው፣ ቀስ ብሎ ሲዘፍንም ደህና ነው። ጭነት ሲመጣ ይፈነዳል። የሳንኬን 2ኤስሲ2922ና የሳንዮ ኤስቲኬ ሞጁሎችም እንዲሁ ኮፒ የበዛባቸው ናቸው። ፋብሪካው ማምረት ያቆመው ዓይነት «አዲስ» ተብሎ በርካሽ በብዛት ሲቀርብ ካያችሁ ራቁ። ከአንድ ፓኬት የወጡ ሁለት ትራንዚስተሮች ጽሑፋቸው ከተለያየ፣ ወይም ጽሑፉ በአሴቶን ከለቀቀ አትቀበሉ። ዋናው ምልክት ግን ዋጋው ነው። ከአምራቹ ሕጋዊ አከፋፋይ ዋጋ በጣም ያነሰ ኦሪጅናል የለም።

ስለዚህ ሁለት ባለሙያ ሁለት ዋጋ ሲጠሩላችሁ ርካሹ ምኑን እንደቀነሰ ጠይቁ። መውጫ ትራንዚስተሮቹን ብቻ ነው የሚቀይረው? ከኋላቸው ያሉት ድራይቨሮች (እነሱን የሚነዱት ትራንዚስተሮች) እና ትንንሾቹ ሬዚስተሮችም አብረው ሊቃጠሉ ይችላሉ። እነሱ ሳይታዩ የገባ አዲስ ትራንዚስተር ወዲያው ይከተላቸዋል። ጥሩ ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበራው በሶኬቱና በአምፕሊፋየሩ መሐል በተሰካ ባለ ክር አምፖል በኩል ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አልወጣም። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ስፒከር ከመሰካቱ በፊትም መውጫው ላይ ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) ይለካል፤ ከጥቂት አሥር ሚሊቮልት መብለጥ የለበትም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ መልሱልኝ በሉ። ይህን ሲሰማ የሚቆጣ ባለሙያ ጋ ዕቃዬን አልተውም።

መሸጥ ከመረጣችሁ ብልሽቱን እንዳለ ጻፉ። የውስጡን ፎቶ አንሡ። «ፊውዝ ብቻ ነው» አትበሉ፤ ፊውዝ ብቻ ቢሆን ቀይራችሁ ትሸጡት ነበር። ግማሽ ተጠግኖ ከተተወ ዕቃ ያልተነካው ይሻላል። ሪሞቱና ማዞሪያዎቹ ካልጎደሉ ዋጋው ከፍ ይላል።

ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ፣ ቦርዱ የከሰለ ወይም ውሃ የገባበት ከሆነ ግን ተስፋ ቁረጡ። የከሰለ ቦርድ ራሱ ከረንት ያስተላልፋል፣ የተቀየረውን ሁሉ መልሶ ይበላል። ክላስ ዲ የምትባለው ርካሽ ትንሽዬ የአምፕሊፋየር ሳጥንም አንድ ቺፕ ስለሆነች ጥገናዋ ከአዲሷ ይበልጣል። ከመፍታታችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉ። ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይይዛሉ፤ በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ አምፕሊፋየር ውስጥ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። በጠመንጃ መፍቻ ሾርት አታድርጉ፣ በሬዚስተር ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ደህና የሆነ ትራንስፎርመር፣ አሉሚኒየሙና ማዞሪያዎቹ ለብቻቸው ይሸጣሉ። በአሮጌዎቹ ቦርዶች ብየዳ ውስጥ እርሳስ ስላለ ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቀሉ ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሰብሳቢ ይሰጡ። መዳብ ለማውጣት ብላችሁም ገመዱን አታቃጥሉ።